እግር ይስማ፣ ጆሮ ይረፍ

ዛሬ ላመሰግን ነው የመጣሁት። ሁሌ ሙዚቀኛ መውቀስ ምንድነው፣ ሰለቸን እኮ። የማመሰግነው ስቲል ጊታር ተጫዋቹን ነው፣ ያንን አጋድመው ክሩ ላይ ብረት እያንሸራተቱ የሚጫወቱትን ጊታር የሚጫወተውን፣ በተለይ አምፑን፣ ማለት ስፒከር ያለውን የጊታር ድምፅ ማጉያ ሳጥኑን፣ ከወንበሩ ጀርባ ወለል ላይ ዘርፈጥ አርጎ፣ ገመዱን ሰክቶ፣ ዞሮ እንኳን ሳያየው ቁጭ የሚለውን። ለእግሩ እንዴት ያለ አሳቢ ሰው መሰላችሁ።

አስቡት እስኪ፣ ፔዳል ስቲል፣ ባለ መርገጫውን ስቲል ጊታር፣ የሚጫወት ሰው ግማሹን ስራ የሚሰራው በእግሩ ነው። ግራ እግሩ የክሩን ቃና የሚቀይሩትን ፔዳሎች ይረግጣል፣ ቀኙ ቮልዩም ፔዳሉ ላይ ነው፣ ጉልበቶቹ ደሞ ከስር ያሉትን ማንሻዎች፣ ሌቨሮቹን፣ ወደ ግራ ወደ ቀኝ ሲገፉ ያመሻሉ። እጁማ ምን አለበት፣ ከላይ ሆኖ ብረቷን እያንሸራተተ ጭብጨባውን ይሰበስባል። ታዲያ ድምፁን ማን ይስማ? የለፋው ነዋ! ጆሮ ምን ሰርቶ ነው? ስለዚህ ስፒከሩ ቀጥ ብሎ ባቱ ላይ ያነጣጥራል። ፍትህ ማለት ይሄ ነው።

ቁጭ ያለ ሰው ጆሮው ከወለል 1 ሜትር ከ20 ገደማ ላይ ነው። ወለል ላይ የተቀመጠ አምፕ ስፒከሩ መሀሉ ቢበዛ 30 ሳንቲሜትር ቢሆን ነው። እና አምፑ ከጀርባው 1 ሜትር ላይ ካለ ጆሮው ከስፒከሩ ፊት 40 ዲግሪ ያህል ወደ ላይ ሸሽቷል ማለት ነው። "ምን አለበት፣ ድምፅ እኮ ይበተናል" ትሉኝ ይሆናል። ቤዙ፣ ወፍራሙ ድምፅ፣ አዎ ይበተናል፣ ሰው አይመርጥም። ቀጭኑ ድምፅ፣ ትሬብሉ፣ ግን ግትር ነው። ብዙ ስቲል ተጫዋች የሚወደው ባለ 15 ኢንቹ ስፒከር 38 ሳንቲሜትር ስፋት አለው፣ የ3,000 ኸርዝ ድምፅ ሞገዱ ደሞ ርዝመቱ 11 ሳንቲሜትር ብቻ ነው፣ ከስፒከሩ በጣም ስለሚያንስ እንደ ባትሪ መብራት ጠበብ ብሎ ወደፊት ይሄዳል እንጂ ዞር ዞር ብሎ የባለቤቱን ጆሮ አይፈልግም። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው የሚባለው ለካ ስለ ስቲል ተጫዋች ነው።

ታዲያ ያ ሁሉ ትሬብል በእግሮቹ መሀል አልፎ የት ይሄዳል? ደግነቱ እዚህ ጋ ነው የሚታየው። ስቴጁ 1 ሜትር ከፍ ካለ፣ ፊት ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው ጆሮው ከአምፑ ስፒከር ጋር ልክ ለልክ ይገጥማል ማለት ይቻላል። ሰው ለራሱ የነፈገውን ለእንግዳ ሲሰጥ ከዚህ በላይ ምሳሌ አታገኙም። የፊት ወንበር ሰውዬው መጀመሪያ ፈገግ ይላል፣ ከዛ አንገቱን ዘንበል ያረጋል፣ ከዛ ጆሮውን የሚያክክ መስሎ በመዳፉ ይሸፍናል፣ ሁለተኛው ዘፈን ላይ እግሬ አውጪኝ ነው።

ተጫዋቹ ግን ምንም አልሰማም። እሱ ጋ የሚደርሰው ብርድ ልብስ የለበሰ ድምፅ ነዋ። "ስቲሌ ደበዘዘብኝ" ይላል። ከወንበሩ ሳይነሳ እጁን ወደ ኋላ ይሰዳል፣ በዳበሳ ቁልፉን ያገኛል፣ ትሬብሉን ከ5 ወደ 8፣ ቮልዩሙን ደሞ ትንሽ፣ ደሞ ትንሽ። እኔ ሳውንድ ላይ ስለምሰራ ምስክር ነኝ፣ ሚክሰሩ ላይ የስቲሉን ድምፅ መጨመሪያና መቀነሻ፣ ፌደሩን፣ ዜሮ ላይ አውርጄው፣ ማይኩን ዘግቼው፣ አሁንም ከባንዱ ሁሉ በላይ የሚሰማው እሱ ነው። ከዚህ ሁሉ በኋላ በእረፍት ሰአት መጥቶ "ወንድሜ ስቲሉን ትንሽ ጨምረው እንጂ፣ ምንም አይሰማም እኮ" ይለኛል። ትህትናው!

ደሞ የአምፕ ሰሪዎቹን ከንቱ ልፋት እዩ። ፌንደር የሚባለው አምፕ ሰሪ ትዊን ሪቨርብ የሚለው አምፑ ጎንና ጎን ላይ የሚታጠፍ የብረት እግር ገጥሞለታል፣ ዘርግተኸው አምፑን ወደ ኋላ ጋደል ስታረገው ስፒከሩ ቀና ብሎ ፊትህን ያያል፣ የ5 ሴኮንድ ስራ ነው። የኛ ሰው ግን እግሮቹን ከተገዛ ጀምሮ አልነካቸውም፣ አንዱ እንደውም ለመንገድ እንዲቀለው ፈቷቸዋል። 29 ኪሎ ገደማ የሚመዝን እቃ ላይ ሁለት ቀጫጭን ብረት ቀንሶ ቀለለኝ የሚል ሰው አይመሰገንም?

ወደ ኋላ አርቀው ብትሉትም ያው ነው። አምፑ 3 ሜትር ቢርቅ ያ 40 ዲግሪ ወደ 17 ይወርዳል፣ ምንም ሳይነሳ። ግን እዛ ድራመሩ አለ፣ ድራመር ደሞ ርስቱን አይለቅም። ከወለል እናንሳው ስትሉ "ቤዙ ይቀጥንብኛል" ይላችኋል፣ እውነቱን ነው፣ ወለል ቤዝ ያወፍራል። ውስጡ ባዶ የሆነ የእንጨት ስቴጅ ከሆነማ ስቴጁ ራሱ አብሮ እንደ ከበሮ ያስተጋባል፣ ቤዝ ጊታሪስቱ ማን እንደነካበት ግራ ገብቶት ገመዱን ይፈትሻል።

ለምን ይዋሻል፣ ማንሳትም የራሱ ጀግኖች አሉት። እኔ ራሴ አንድ ጊዜ የሰው አምፕ ፕላስቲክ ወንበር ላይ ሰቅያለሁ። ሳውንድ ቼክ ላይ ሰላም ነበር። ሶስተኛው ዘፈን ላይ ወፍራሙ ክር በተመታ ቁጥር ወንበሩ ጥቂት ጥቂት መራመድ ጀመረ፣ እኔ ሚክሰሩ ጋ ቆሜ እያየሁት ስቴጁ ጠርዝ ሊደርስ ሆነ፣ ሮጬ ስደርስ በጉልበቴ ገጨሁት፣ አምፑ ውስጥ ድምፁን የሚያስተጋባው ሪቨርብ ስፕሪንጉ ሲናጥ እንደ ነጎድጓድ ነው የጮኸው። ህዝቡ ኢፌክት መስሎት አጨበጨበ። እንግዲህ ከዛ ወዲህ ወንበር ሳይሆን ሰፋ ያለ የእቃ ሳጥን ነው የምጠቀመው፣ ጎማውን ቆልፌ።

እና ባለፈው ያንን የማመሰግነውን ሰውዬ ሳላስፈቅደው አምፑን ሳጥኑ ላይ አወጣሁለት። ግማሽ ሜትር ያህል ከፍ አለ፣ ትንሽ ደሞ ወደ ኋላ ጋደል አርጌ በሽብልቅ ደገፍኩት፣ አሁን ስፒከሩ ቀጥታ ማጅራቱን ያያል። ቁልፎቹን አልነካሁም፣ ትሬብል 8፣ ቮልዩም እንደነበረ። መጣ፣ ተቀመጠ፣ ብረቷን ክሩ ላይ አሳረፈ፣ ቀኝ እግሩን ረገጥ አረገና አንድ ኮርድ ጎተተ።

ከወንበሩ ዘሎ ተነሳ።

"ማነው አምፔን የነካካው? ይሄ እኮ ጆሮ ይበሳል!"

ማንም አልነካውም አልኩት። አላመነኝም። ጎንበስ ብሎ ቁልፎቹን አንድ በአንድ አየ፣ ሁሉም እሱ ባስቀመጣቸው ቁጥር ላይ ናቸው። ትንሽ አሰበ። ከዛ ሽብልቁን በእግሩ ገፍቶ አወጣና አምፑን በሁለት እጁ አቅፎ ወደ ወለሉ መለሰው፣ ቁጭ ብሎ ያንኑ ኮርድ ደገመው፣ ፈገግ አለ።

"አሁን ተስተካከለ" አለኝ።