ይድረስ ለክቡር ክብ ማኅተም

ክቡር ሆይ፣ ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኛ ከእርስዎ ናፍቆት በስተቀር ደኅና ነን። ናፍቆቱ ግን በረታ። ባለፈው ማክሰኞ አንድ የኤረር ሽማግሌ ደጅዎ ድረስ መጥተው፣ እርስዎ ከመሳቢያ ሳይወጡላቸው ተመልሰዋልና።

ኤረርን የሚያውቋት አይመስለኝም። ከድሬዳዋ በስተምዕራብ፣ ሁርሶን አልፎ፣ በአሮጌው ሃዲድ ላይ የተቀመጠች ትንሽ ከተማ ናት። ሰው የሚያነሳት በባቡር ጣቢያዋ፣ በፍል ውሃዋ፣ በብርቱካንና በመንደሪኗ ነው። ሽማግሌው የመጡት አሮጌው ጣቢያና የፍራፍሬ ማሳው በታሪክ ቦታነት እንዲመዘገብ ሊያመለክቱ ነበር። ፎርምዎን በአራት ኮፒ ሞልተዋል። ሦስት በአራት ጉርድ ፎቶ፣ የቀበሌ ደብዳቤ፣ ሁሉም አለ። «ስለ ከተማው አመሠራረት የጽሑፍ ማስረጃ ይያያዝ» የሚል መስመር ስላለ ደግሞ፣ ከልብስ ሳጥን ሥር አንድ ወረቀት አውጥተው በፕላስቲክ ጠቅልለው ይዘዋል።

ወረቀቱ የባቡር ጭነት ደረሰኝ ነው፤ አባታቸው ፉርጎ ላይ ያስጫኑት። የሃዲዱ የሥራ ቋንቋ ፈረንሳይኛ ስለነበር የተሞላው በፈረንሳይኛ ነው። መነሻ ኤረር፣ መድረሻ ጅቡቲ፣ 43 ሳጥን መንደሪን። የሙሉው ክብደት በአንድ ዓምድ፣ የባዶው ሳጥን በሌላ፣ የተጣራው በሦስተኛ። ግርጌው ላይ ፊርማ፣ ከፊርማው ጎን ደብዘዝ ያለ ወይን ጠጅ ማኅተም።

መስኮቱ ጋ የደረሱት አራት ሰዓት ከሩብ ላይ ነው።

«አባባ፣ ይሄ ማኅተም ክብ አይደለም።»

«ሞላላ ነው ልጄ። የባቡር ኩባንያው ሞላላ ነበር።»

«ፎርሙ የሚለው ክብ ነው። ደግሞ ማንዳሪን ማነው? ባለንብረቱ ነው?»

«ፍሬው ነው፣ አቦ! መንደሪን!»

«እንግዲያው የባለንብረቱ ስም ይጎድላል። ማኅተሙ የራሱ መሆኑን ኩባንያው በደብዳቤ ያረጋግጥ።»

«ኩባንያው ፈርሷል።»

«መፍረሱን የሚገልጽ ደብዳቤ ያምጡ።»

«ከማን?»

«ከኩባንያው።»

ሰልፉ ውስጥ የሳቀ ሰው አልነበረም። ያ ደብዳቤ ያልተጠየቀ ማን አለና።

ክቡርነትዎ ሞላላ ነገር እንደማይወዱ ገብቶናል። ግን የፎርምዎን ሣጥኖች እስቲ አብረን እንሙላቸው፤ ኤረር ከየትኛው እንደማትገባ ይዩት።

ተራ ቁጥር 4፦ «የከተማው መሥራች ሙሉ ስም እስከ አያት»። ማንን እንጻፍ? ዳግማዊ ምኒልክን ብንል፣ በ1886 ዓ.ም. ለስዊሱ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ የ99 ዓመት የባቡር ፈቃድ የሰጡት እሳቸው ናቸው። ኢልግን ብንል፣ ከፈረንሳዊው ነጋዴ ከሌዎን ሸፍኔ ጋር ሆኖ ኩባንያውን ያቆመው እሱ ነው፤ ያ ኩባንያ ግን በ1890 ከጅቡቲ ጀምሮ በ1895 ሃዲዱን ድሬዳዋ ካደረሰ በኋላ ገንዘብ አጠረውና ከሰረ። ቀጣዩ ፈቃድ በ1900 የወጣው በዶክተር ዮሴፍ ቪታሊየን ስም ነው፤ የጓዴሎፕ ተወላጅ፣ የንጉሠ ነገሥቱ ሐኪም። ኤረር ያለችበት ሃዲድ የተዘረጋው በዚህኛው ፈቃድ ነው። ሐኪም ነው ብለን ብንጽፍ ከጤና ቢሮ ደብዳቤ ልታስመጡን ነው። የአያት ስምም እንደሆነ የምናውቀው የምኒልክን ብቻ ነው፤ ሣህለ ሥላሴ። ይበቃ ይሆን?

ተራ ቁጥር 5፦ «የተመሠረተበት ቀን፣ ወር፣ ዓመተ ምሕረት»። ሃዲዱ ከ1900ው ፈቃድ በኋላ ከድሬዳዋ ተነስቶ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ነው፤ ኤረርን በመሐል አልፏታል። የጣቢያ ከተማ ደግሞ እንደ ጥምቀት ልጅ ቀን ተቆርጦለት አይወለድም። መጀመሪያ ሃዲድ ዘርጊው ድንኳን ይተክላል፤ ቀጥሎ የውሃ ጋን ይቆማል፤ ቀጥሎ ለባቡሩ ሠራተኛ ሻይ የምታፈላ ሴት ትመጣለች፤ እሷ ካለች ሌላው አይቀርም። የትኛውን ቀን እንጻፍልዎ?

ተራ ቁጥር 6፦ «የምሥረታው ምክንያት (በአንድ መስመር)»። በአንድ መስመርማ ይቻላል፦ ባቡር ዳገት አይወድም፣ ውሃ ይጠማዋል። ማብራሪያው ግን ከመስመሩ ይተርፋል። የታሰበው ሐረር መግባት ነበር። የባቡር ጎማ ብረት፣ ሃዲዱም ብረት ነው፤ በ1,000 ሜትር መንገድ ከ25 ወይም ከ30 ሜትር በላይ ከወጣ ሸክሙን መጎተት ያቅተውና ጎማው ባለበት ይሽከረከራል። ከድሬዳዋ እስከ ሐረር ያለው ተራራ ለዚህ አይመችም። ስለዚህ ሐረር ቀረች፤ ከሥሯ መጀመሪያ «አዲስ ሐረር» የተባለችው ድሬዳዋ በቀለች፤ ሃዲዱም የተራራውን ግርጌ፣ ቆላውን ይዞ ወደ ምዕራብ ሄደ። የእንፋሎት ባቡር በየመንገዱ ጋኑን መሙላት አለበት፤ ስለዚህ ጣቢያ ሲመረጥ ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠየቀው ውሃ ነው። ቆላው ምስጥ ይበዛበታልና ከሃዲዱ ሥር የተጋደመውም እንጨት ሳይሆን ብረት ሆነ። እንግዲህ ባቡር የሚያጠጣ ውሃ ባለበት፣ ፀሐይ ባለበት፣ በሩ ላይ ደግሞ ወደብ ድረስ የሚሄድ ፉርጎ በሚቆምበት ቦታ ሰው ምን ይተክላል? ብርቱካን ነዋ።

(ፎርሙ ላይ ያለው መስመር 9 ሴንቲ ሜትር ነው። ለክተነዋል።)

ተራ ቁጥር 7፦ «ዋና ምርት፣ በኩንታል»። ክቡር ሆይ፣ ብርቱካን ኩንታል ውስጥ አይገባም። ጤፍ አይደለም። በጆንያ ከጫኑት የታችኛው ለላይኛው ትራስ ሆኖ ይፈርጣል፤ አንዱ የፈረጠ ደግሞ ጎረቤቱን ሁሉ በአረንጓዴ ሻጋታ ያዳርሳል። የሚገባው በሳጥን ነው፤ 20 ኪሎ ግራም ገደማ የሚይዝ፣ ጎኑ ነፋስ የሚያስገባ። ለቀማውም ወግ አለው። ጤዛው ሳይደርቅ አይነካም፣ የራሰ ልጣጭ በቀላሉ ይላጣልና። በእጅ ተጎትቶም አይነቀልም፤ በመቀስ ተቆርጦ፣ ፍሬው ከቅርንጫፉ የሚያያዝባት አረንጓዴ ቁልፍ ፍሬው ላይ ትቀራለች። ቁልፏ ተነቅላ ከወጣች በቀዳዳው ሻጋታ ይገባል።

ከሁሉ በላይ ይህን ይያዙልኝ፦ ብርቱካንና መንደሪን እንደ ሙዝ ከተቆረጡ በኋላ አይበስሉም። ዛፉ ላይ ያልጣፈጠ፣ ሳጥን ውስጥ አይጣፍጥም። ስለዚህ ገበሬው ዛፍ ላይ እስኪበስል ይጠብቃል፤ ከቆረጠ በኋላ ግን በቆላው ሙቀት ያለው ዕድሜ በቀናት የሚቆጠር ነው። መንደሪን ደግሞ ልጣጩ ልል ስለሆነ ከብርቱካን ፈጥኖ ይሸነፋል። ፉርጎው ካልመጣ ሳጥኑ ጣቢያው ላይ ይሞቃል፤ መጀመሪያ ቁልፏ ትጠቁራለች፣ ቀጥሎ የሳጥኑ ታች ይረጥባል፣ ቀጥሎ ዝንቡ ይመጣል። ጭነቱ አለቀለት።

ባቡር ለዚህች ከተማ የልብ ምት ነበር። አሮጌው መስመር፣ 1,000 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው፣ እየተንገዳገደ ከርሞ ሲቆም፣ መስኮት ለመስኮት ቅርጫት ይዞ የሚሮጠው ሰውም ቆመ። አዲሱ መስመር በመስከረም 2009 ሲመረቅ ስፋቱ 1,435 ሚሊ ሜትር ሆነ፤ የአሮጌው አንድም ፉርጎ አይገባበትም። እርስዎ ይህ ይገባዎታል፤ ክብና ሞላላ ማለት ነው።

ዛፉም አይጠብቅም። የተዳቀለ ችግኝ ተተክሎ ደህና ፍሬ እስኪሰጥ ሦስት አራት ዓመት ይፈልጋል። በደረቅ ወቅት በየአሥርና አሥራ አምስት ቀን ውሃ ካላገኘ አበባውን ያራግፋል፤ ውሃው ግንዱ ላይ ከተኛ ደግሞ ግንዱ ሙጫ እያነባ ይበሰብሳል። ፓምፑ አንድ በጋ ከቆመ የሠላሳ ዓመት ማሳ ማገዶ ይሆናል። የእርስዎ ቀጠሮ «ከሦስት ወር በኋላ» ነው።

እስካሁን ያልነገርኩዎት አንድ ነገር አለ። በጨዋ ደብዳቤ መሐል ማንሳት ከብዶኝ ነው። የመስኮቱ ልጅ ፋይሉን ሲመልስ «ያልተሟላ» የምትል ቁራጭ ወረቀት አያያዘበት። በስቴፕለር። የመታውም ሞላላው ማኅተም ላይ ነው።

ሽማግሌው «ቀስ በል ልጄ» ብለው እጃቸውን ሰደዱ፤ አልደረሱም። ሽቦውን በጥፍራቸው ሊነቅሉ ሲታገሉ ያረጀው ወረቀት ተቀደደ፤ ማኅተሙ ሁለት ቦታ ሆነ። ልጁ አየው። ከዚያ ምን አለ? «አሁንማ ማኅተሙ ስለተቀደደ ተቀባይነት የለውም።»

አንተ የጎማ ቁራጭ! ምን ስለሆንክ ነው? ሌላ ያ ዓይነት ወረቀት የላቸውም! አባታቸው የጫኑትን ሳጥን በኪሎ የመሰከረ አንድ ወረቀት ነበራቸው፤ ባቡሩ ሄዶ፣ ኩባንያው ፈርሶ፣ ዛፉ ደርቆ እሱ ተርፎ ነበር። ምስጥ ያልበላውን አንተ በላኸው። እሳቸው ደግሞ ያንን ፕላስቲክ እንደገና አጣጥፈው፣ «አመሰግናለሁ» ብለው ወጡ። አመሰግናለሁ!

ይቅርታ ክቡር ሆይ። እርስዎ ለማለት ፈልጌ ነው።

የቀሩትን ቅሬታዎች ለማሳጠር፦ ቴምብሩ የሚሸጠው ሌላ ሕንፃ ላይ ነው። ሲስተሙ አሁንም የለም። «በኢትዮጵያ አቆጣጠር ይጻፍ» የሚለው ፎርም ራሱ የታተመበት ቀን በፈረንጅ ነው።

አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅና ላብቃ። ያ የ1886 ፈቃድ ሥር የንጉሠ ነገሥቱ ማኅተም ነበረበት። ዘመድዎ ነው፣ ከወገንዎ ታላቁ። አንድ ጊዜ አርፎ የጀመረው ነገር ወደ 780 ኪሎ ሜትር ሃዲድ ወለደ፤ ኤረርም ከልጆቹ አንዷ ናት። እርስዎ የወንድምዎን ልጅ «ማን ናት?» የሚሉት እንዴት ነው?

ሽማግሌው በቀጠሯቸው ቀን ይመጣሉ። ወረቀቱን ከጀርባው በቀጭን ወረቀት በስታርች ለጥፈውታል፤ ፕላስተር አልተጠቀሙም፣ ሙጫው እያደር ቢጫ ያደርገዋልና። እባክዎ ስቴፕለሩን ከመስኮቱ ያርቁልን።

ከሰላምታ ጋር፣
ተራ ቁጥር 61፣ ሰልፉ ውስጥ ካሉት

ግልባጭ፦
ለቀለም መንከሪያው
ለሲስተሙ (ሲመለስ)
ለማኅደር ክፍል (ቁልፉን የያዘው ሲገኝ)
ለፈረሰው ኩባንያ፣ መፍረሱን እንዲያረጋግጥ