የማን ፎቶ ይተልቅ?

የምረቃ መጽሔት ኮሚቴ ውስጥ የገባሁት ፈልጌ አይደለም። ስብሰባው ላይ አርፍጄ ስደርስ ለካ ተመርጫለሁ።

ፒያሳ ያለው ዲዛይነራችን የመጀመሪያ ቀን አስቀምጦ መከረን። «ገጽ ላይ አንድ ፎቶ ይተልቃል፣ ሌሎቹ ያጅቡታል። ደግሞ ሁለት ገጽ የሚገናኙበት ቦታ ላይ ፊት አታስቀምጡ፣ ስፌቱ ይበላዋል።» እኛም በጥሞና ጻፍን። ጻፍን ብቻ።

ትልቁ ፎቶ የማን ይሁን? የሰቃዩ እንዳይሆን፣ አራት ዓመት ሙሉ ማስታወሻ ያላዋሰ ሰው ነው። የክፍል ተጠሪው እንዳይሆን፣ የተጠሪው ወዳጆች ብቻ ናቸው የሚስማሙት። የቆንጆዋ እንዳይሆን... እሱን ማንም ጮክ ብሎ አልተናገረም፣ ሁሉም ግን አስቦታል። አራት ኪሎ ቁጭ ብለን ሁለት ሳምንት በማኪያቶ ተከራከርን። በመጨረሻ ይሉኝታ አሸነፈ፦ በገጽ 12 ፎቶ፣ ሁሉም እኩል። ዲዛይነሩ አየውና «ይሄማ የፖስታ ሳጥን ነው» አለ።

ከዚያ ተራ መጣ። በእንግሊዝኛ ፊደል ይሁን ስንል ዘሪሁን ተነሳ። «ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ መጨረሻ ነኝ፣ ዛሬ እንኳን ተዉኝ!» እውነቱን ነው። በሀሁ ይሁን ስንል ዘሪሁን ዳነ፣ ሀብታሙ ፊት ወጣ፣ ሁልጊዜ አንደኛ የሚጠራው አበበ መሃል ገብቶ ተቀመጠ። ፍጹም ግን ጭራ ላይ ቀረችና እስከ ዛሬ አታናግረኝም። ፊደሉን እኔ የደረደርኩት ይመስል!

ፎቶው ራሱስ? «በቴሌግራም ስትልኩ በፋይል ላኩ፣ አለበለዚያ ጥራቱ ይወርዳል» ብለን ለመንን። ለህትመት በአንድ ኢንች 300 ነጥብ ያስፈልጋል። አንዱ የፕሮፋይል ፎቶውን ስክሪንሾት ላከ፣ የባትሪው ምልክት ሳይቀር። ሌላው ከሰርግ ፎቶ ላይ ራሱን ቆርጦ ላከ። ትከሻው ላይ ጥፍሩን ቀይ የተቀባ እጅ ቀርቷል። የእጁ ባለቤት ማን እንደሆነች ጓደኛው እስካሁን እየጠየቀችው ነው።

ሰው ወደ ገጹ ውስጥ ቢያይ ጥሩ ነው ይባላል። የእኛ ዮናስ ግን ቀኝ ዳር ላይ ሆኖ ወደ ውጭ ያያል። ታክሲ የሚጠብቅ ነው የሚመስለው። ፎቶውን ገለበጥነው። ከኋላው ያለው ጽሑፍም አብሮ ተገለበጠ። ይጠብቅ ብለን ተውነው።

ሁሉ አለቀ ስንል ክፍያ ያዘገየ አንድ ልጅ ብር ይዞ መጣ። አንድ ገጽ ጨመርን። ማተሚያ ቤቱ ደግሞ ገጽ የሚቆጥረው በ4 ነው። ሦስት ባዶ ገጽ ተረፈን።

ማን ይሙላው? ያው፣ የለፋው ኮሚቴ ነዋ! እዚህ ላይ ይሉኝታ የሚባል ነገር ትዝ ያለው ሰው አልነበረም። ፊት ለፊት የሚተያዩት ሁለት ገጾች ላይ አንድ ትልቅ የኮሚቴ ፎቶ ዘረጋን። እኔ መሃል ላይ ቆሜያለሁ።

መጽሔቱን ለእናቴ ወስጄ ሰጠኋት። ገለጠች፣ መነጽሯን አደረገች፣ ፈለገች። «አንተ የታለህ?» አለች። ግራ ገጽ ላይ አንድ ጆሮዬ፣ ቀኝ ገጽ ላይ ሌላው ጆሮዬ ይታያል። «መሃል ነኝ፣ እማዬ፣ ትንሽ ከፈት አድርጊው» አልኳት። ከፈት አደረገችው። ቀጭ አለ። አሁን መጽሔቱ ሁለት ቦታ ነው፣ እኔም እንደዚያው።