ለቅሶ ቤት ዶላር አይመነዘርም

ወገኖቼ፣ እንዲህ ሆነን እንቅር? እስቲ የሆነውን ልንገራችሁና እናንተው ፍረዱ።

2016 ዓ.ም. ነው፣ ክረምቱ ሊገባ ሲል። ባንክ ለአንድ ዶላር 57 ብር ገደማ ይሰጣል፣ ውጭ፣ ጥቁር ገበያ ላይ ግን ከ110 አልፏል። ሰፈራችን ውስጥ አንዲት እናት ዐረፉ። ልጃቸው ከሜሪላንድ መጣች። ለቀብሩ አልደረሰችም። ከቦሌ በቀጥታ ድንኳኑ ውስጥ ነው የገባችው፣ ሻንጣዋን እንኳ ያወረደላት ሌላ ሰው ነው። "እማዬ፣ ሳላይሽ" እያለች ስትወድቅ ያላለቀሰ አልነበረም። አሁን የምነግራችሁ ሰዎችም አልቅሰዋል፣ ይህን አልክድም።

በማግስቱ ማታ ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ ዓይኗ አብጦ ፍራሽ ላይ ተቀምጣለች። ሰፈሩ ለእርቅ የሚልካቸው፣ የምናከብራቸው አንድ ሰው አጠገቧ ጎንበስ አሉና "ልጄ፣ እግዜር ያጥናሽ" አሏት። "አሜን አባባ" አለች። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው "ይዘሽ የመጣሽው ነገር አለ አይደል? ለማንም እንዳትሰጪ፣ እኔ አለሁልሽ" አሉ። ልጅቷ አልገባትም። የድንኳን ወጪ የጎደለ ነው የመሰላት። ቦርሳዋን ከፍታ አንድ መቶ ዶላር አወጣችና "ይቅርታ አባባ፣ ብር ገና አልያዝኩም" ብላ በሁለት እጇ ሰጠቻቸው።

ተቀበሏት። ከፍ አድርገው በድንኳኑ አምፖል አዩት። አሮጌው ኅትመት ዋጋው ይቀነሳል፣ አዲሱ ሰማያዊ መስመር አለው። መስመሩን ሲያዩ ፊታቸው ፈካ አለ። "በ112 እይዝልሻለሁ፣ ጠቅላላው ስንት ነው?" ንፍሮ የምታዞረዋ ሴትዮ ሰሃኑን እንደያዘች ቆመችና "ኧረ እኔ በ115 የሚወስድ ወንድም አለኝ!" አለች። ከወንዶቹ ወገን አንዱ ስልኩን አውጥቶ "ቆይ የዛሬውን ልጠይቅላችሁ" አለ። በአንድ አፍታ ድንኳኑ የጥቁር ገበያ መንዛሪዎች የሚቆሙበትን ብሔራዊ ቴአትር አካባቢን መሰለ። ልጅቷ ያን ጊዜ ነው የገባት። አንድ ቃል አልተናገረችም፣ ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበችው። ድንኳን ሙሉ ሰው ነበርን፣ አንዳችን "ኧረ ተዉ" አላልንም።

ይህን ነው ይቅር ማለት ያቃተኝ።

አልጨረስኩም። ትንሽ ቆይቶ ቡና ሲመጣ እኚያው ሰው የስኳር መድኃኒታቸው ከፋርማሲ መጥፋቱን አንስተው መንግሥትን ሲረግሙ አመሹ። እኛም ራሳችንን ነቀነቅን። "ምን ይደረግ፣ ዶላር የለማ!" አለ አንዱ። የለም? አሁን በደረት ኪሳችሁ ልትከቱት ስትሻሙ የነበረው ምንድን ነው ታዲያ?

አውቃለሁ፣ መልሳችሁ ዝግጁ ነው፤ ግማሹም እውነት ነው። ውጭ እጥፍ እየተከፈለ ባንክ ሄዶ የሚመነዝር ሰው ለልጆቹ ምን ብሎ ያስረዳል? የዶላሩን ዋጋ አስሮ አስመጪውን በኤልሲ (ባንክ ለገቢ ዕቃ ክፍያ በሚሰጠው ዋስትና) ወረፋ ሲያንገላታ የኖረው መንግሥት ነው። ጥቅምት 2015 ላይ 38 ዓይነት ዕቃ በባንክ ዶላር እንዳይገባ ተከለከለ። ታኅሣሥ 2016 ላይ አገሪቱ ከውጭ ገበያ በዶላር በተበደረችበት ዩሮቦንድ የ33 ሚሊዮን ዶላር ወለድ ሳትከፍል ቀረች። ይህን ያመጣው የናንተ ቁም ሳጥን ነው የሚል ካለ ውሸታም ነው።

ግን ድርሻችሁስ? በልብስ መሃል ተጠቅልሎ የተቀመጠው፣ "ለክፉ ቀን" የተባለው? ሐዋላውስ? እኅት ቨርጂኒያ ሆና ዶላሩን እዚያው ላለ ሰው ታስረክባለች፣ የሱ ሰው ደግሞ እዚህ ብሩን እናትየው አካውንት ያስገባል። እናት ከባንክ የበለጠ አገኘች፣ ተመረቀ፣ አለቀ። ዶላሩ ግን ይህን አገር አልረገጠም። እዚያው ውስኪ ይገዛበት፣ ሀብት ይሸሽበት፣ ማን ያውቃል? እኛ እንደሆን አንጠይቅም። የምንጠይቀው "ዛሬ ስንት ገባ?" ብቻ ነው።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ምንዛሪው በገበያ ይወሰን ተባለ። በጥቂት ሳምንት ባንኩም 100 ብርን አለፈ። አሁንስ ሰበብ አለቀ ብዬ ነበር። ክፍተቱ ጠበብ አለ፣ ቆይቶ መልሶ ሰፋ፣ እኛም ወደ ጥንቱ ጨዋታችን ተመለስን፤ "ይጨምራል፣ ትንሽ እንያዘው"። እየያዝን አስወደድነው፣ ሲወደድ ደግሞ ዘይቱ ላይ መልሰን ከፈልነው።

ክፉዎች ስለሆናችሁ አይደለም፣ ይህን ማለቴም አይደለም። ፈርታችሁ ነው። ዕድሜ ልኩን ያጠራቀመው ብር ዓይኑ እያየ ዋጋ ሲያጣ የማይፈራ የለም፣ ሰው ደግሞ ሲፈራ የሚጨብጠውን ይፈልጋል። ይህ ይገባኛል፣ እንዲያውም ያሳዝነኛል። ግን ፍርሃታችን እናቷን ባልቀበረች ልጅ ፍራሽ ላይ ዋጋ እስኪያስጠራን ድረስ?

ልጅቷ ምን እንዳደረገች ታውቃላችሁ? ሰባቱ ሳይወጣ ባንክ ሄዳ በ57 መነዘረች። ሆን ብላ። ግማሹን አጣች። ሰፈሩም "አሜሪካ አጃጅሎ ላካት" ብሎ ሳቀባት፣ እስከ ዛሬም እንደ ቀልድ ይወራል። እሷ ለመንግሥት አዝና አይመስለኝም። ከእጃችን መቀበል አስጠልቷት ነው።

ባንክ ሂዱ ብል እንደማትሰሙኝ አውቃለሁ፣ ስለዚህ ትንሽ ነገር ልለምን። እድራችን ቀብር ለቀረ ሰው መቀጫ አለው፣ የእድር ዕቃ ለሰበረም አለው። ድንኳን ውስጥ ዶላር ለሚጠይቅም ይጻፍ። በሚቀጥለው ስብሰባ አነሳዋለሁ። መጀመሪያ የሚስቁት እኚያ ሰው እንደሚሆኑ አሁኑኑ ይታየኛል፣ ሰብሳቢውም "ሌላ አጀንዳ" ይል ይሆናል። ሁለት ሰው እጁን ካወጣልኝ ግን የዘንድሮው ይበቃኛል፣ ለከርሞ ደግሞ እንደገና አነሳዋለሁ።