ስኪ ማሟሸት

ሚያዝያ አልቆ ግንቦት ሲገባ እኛ ህንፃ ምድር ቤት ብትወርዱ የቀለጠ ሰም ይሸታችኋል። አይኑን ለጨፈነ ሰው ጧፍ የበራበት ቤተክርስቲያን ነው የሚመስለው። ግን ጎረቤቴ ናቸው፣ ሰባ አምስት ያለፋቸው ሴትዮ፣ ስኪያቸውን፣ ያን እግር ላይ ታስሮ በረዶ ላይ የሚንሸራተቱበትን ረጅም ጠፍጣፋ ነገር፣ ሁለት መደገፊያ ላይ ሆዱን ወደ ላይ አርገው አጋድመው በካውያ ይተኩሱታል። አዎ ካውያ። ኦስሎ በመጣሁ በሁለተኛው አመት መጀመሪያ ያየኋቸው ቀን ቆሜ ነው የቀረሁት፣ ሱሪ ሲተኮስ አውቃለሁ ነጠላ ሲተኮስ አውቃለሁ፣ ስኪ ሲተኮስ ግን የት አባቴ አይቼ። (በነገራችን ላይ እዚህ አገር አንቱ የሚባል ነገር ከጠፋ ቆይቷል፣ ሴትየዋን ፊት ለፊት በስማቸው ነው የምጠራቸው፣ እናቴ ብትሰማ ታዝንብኛለች፣ በአማርኛ ስጽፍ ግን እጄ እምቢ ስላለኝ እሳቸው እያልኩ ልቀጥል።)

ኖርዌጂያኖች ስኪ እግራችን ላይ ታስሮ ነው የተወለድነው ይላሉ። ቀልድ ይመስላል ግን እሁድ ጠዋት አንድ ቁጥር ሜትሮ ላይ ብትሳፈሩ ግማሹ ሰው ከቁመቱ የሚረዝም ስኪ ይዞ ወደ ፍሮግነርሰተረን ሲወጣ ታያላችሁ፣ ባቡሩ በሆልመንኮለን በኩል አልፎ ጫካው አፍ ላይ ያራግፋቸዋል። እዛው ሆልመንኮለን ያለው የስኪ ሙዚየም በፈረንጅ 1923 ነው የተከፈተው፣ አስቡት፣ ለስኪ ሙዚየም። ፋሲካቸውም ስኪ ነው፣ ብርቱካንና ክቪክ ሉንሽ የሚባል ቸኮሌት ይዘው ተራራ ላይ ይከርማሉ፣ እኛ ዶሮ ስንበልት እነሱ ፊታቸው በፀሃይ ተጠብሶ ይመለሳሉ። ከዛ በቃ፣ አመቱ አለቀ፣ ስኪው ይገባል።

እዚህ ጋ አንድ የቃል ጣጣ አለ። ስኪ በክረምት ነው ስንል የነሱ ክረምት ማለታችን ነው፣ ስኪው ተጠቅልሎ የሚቀመጠው ደግሞ እኛ አገር ክረምት ሊገባ ሲል። እናቴ ደብረ ብርሃን ሆና "ክረምት ገባ፣ ልብስ ደርብ" ስትለኝ እኔ በቲሸርት ነኝ። አስር አመት አለፈን፣ እስካሁን አልተግባባንም።

እኔ ስኪ ውስጥ የገባሁት በልጄ ነው። ትምህርት ቤት የስኪ ቀን የሚባል አለ፣ ሁሉም ልጅ ስኪ ይዞ ይመጣል፣ የሌለው ቡአ ከሚባል የስፖርት እቃ እንደ መፅሀፍ ከሚያውሱበት ቦታ ሄዶ ይዋሳል። ጎበዝ ሃሳብ ነው። እኔ ግን ሀበሻ አይደለሁ፣ ልጄማ የውሰት እቃ ይዞ አይሄድም ብዬ ለሱ ቁልቁለት የሚወረድበትን የስላሎም ስኪ፣ ለራሴ ደግሞ ሜዳ ለሜዳ የሚኬድበትን ረጅሙንና ቀጭኑን ከሁለተኛ እጅ ገዛሁ። አንድ ወቅት ተጠቀምንበት። ፋሲካ ሲያልፍ የልጁን እርጥቡን እንዳለ ቦርሳው ውስጥ ከተትኩት፣ የኔን ጥንዱን ገጥሜ በገመድ ጥርቅም አድርጌ አሰርኩና ሁሉንም ባልኮኒ ላይ ሲሚንቶው ላይ አቆምኳቸው። ባልኮኒያችን ወደ ደቡብ ነው የዞረው፣ እዚህ ደግሞ ሰኔ ላይ ፀሃይ የምትጠልቀው ማታ ለአምስት ሩብ ጉዳይ አካባቢ ነው፣ እንግዲህ ስንት ሰአት እንደተጠበሱ እናንተው አስሉት።

ታህሳስ ላይ ቦርሳውን ስከፍተው ያየሁት ነገር። የልጁ ስኪ ዳር ዳሩን ያለው የብረት ጠርዝ ዝጎ በእጄ ስነካው ቡናማ ዱቄት ያራግፋል፣ ጥቁር የነበረው ሆዱ ነጣ ነጣ ብሎ ቅባት ያጣ ተረከዝ መስሏል፣ ቡቱ ውስጥ ሻጋታ አለ። የኔ ደግሞ ደጋንነቱ ረግቧል። ደጋንነት ስላችሁ፣ ረጅሙን ስኪ ጥንዱን ሆድ ለሆድ ብትገጥሙት መሃሉ አይነካካም፣ እንደ ደጋን ጎበጥ ያለ ነው፣ ስትረግጡት መሃሉ ወርዶ በረዶውን ይይዛል፣ ስትለቁት ይነሳና ይንሸራተታል፣ ሙሉ ጥበቡ እሱ ነው፣ እኔ ደግሞ ስምንት ወር ሙሉ በገመድ አንቄ ቀጥ አድርጌዋለሁ። የስኪ ቀን ደረሰ። ልጄ ትንሿ ቁልቁለት ላይ ቆሞ በዱላው ይገፋል ይገፋል፣ አይሄድም፣ ከሱ በእድሜ የሚያንሱ ሚጢጢ ልጆች በጎኑ ሽው ሽው እያሉ ያልፉታል። "አባዬ የኔ ለምንድነው የማይንሸራተተው?" አለኝ። ምን ልበለው፣ በረዶው ነው አልኩት። በረዶውን ዋሸሁበት።

በሚቀጥለው ግንቦት ዱግናድ ላይ ሴትየዋ ያዙኝ። ዱግናድ ማለት ነዋሪው በሙሉ ወጥቶ ግቢ የሚጠርግበት ቀን ነው፣ ደቦ በሉት፣ ጠላው ቀርቶ ቡናና ቋሊማ ያለው ደቦ። የኔን ስኪ አዩና ምንም ሳይሉ መነፅራቸውን አወረዱ፣ ነካ ነካ አደረጉት፣ ከዛ "ና" አሉኝ።

ሁለት ሰአት ፈጀብን። መጀመሪያ ለብ ባለ ውሃና በጨርቅ ቆሻሻውንና ጨውን አስለቀቁኝ፣ አድርቅ አሉ፣ ጠርዙን ደግሞ ለብቻው በደረቅ ጨርቅ አድርቅ፣ ዝገቱ ላይ ላጲስ የምትመስል ሸካራ ነገር ሰጥተውኝ ፈተግኩ። ቀጥሎ ክሊስተር። ክሊስተር ረጅሙ ስኪ መሃል ላይ እግር ስር የሚቀባ፣ በረዶው ሲቀልጥና መልሶ ሲረጋ እንዳያንሸራትት የሚይዝ ሙጫ ነው፣ ከጣት ወደ በር እጀታ፣ ከበር እጀታ ወደ ስልክ፣ ከስልክ ወደ ፂም የሚሄድ ጉድ ነው፣ እሱን በመፋቂያ ፍቆ የቀረውን በማስለቀቂያ ፈሳሽ ማጥራት ግድ ነው፣ አለበለዚያ በጋውን ሙሉ አቧራ ሲሰበስብ ይከርማል። ከዛ ነው ካውያው የሚመጣው። ግሊደር የሚባለውን የማንሸራተቻ ሰም ካውያው ላይ ሲያስጠጉት ጠብ ጠብ ጠብ እያለ ስኪው ላይ ይሰለፋል፣ ከዛ ካውያውን ሳያቆሙ መግፋት ነው፣ ከቆመ ሆዱን ያቃጥለዋል፣ ጢስ ካወጣ በጣም ግሏል ማለት ነው። የልብስ ካውያ አይሆንም አሉኝ፣ ሙቀቱ ይዋዥቃል። ረጅሙ ስኪ ላይ ከፊትና ከኋላ ብቻ ነው የሚቀባው፣ መሃሉ የሚይዘው ሰም ቦታ ስለሆነ አይነካም። የስላሎሙ ግን ከጫፍ ጫፍ፣ ያውም ወፈር ተደርጎ የብረት ጠርዙን እስኪሸፍን፣ አየርና እርጥበት እንዳያገኘው።

እኔ መፋቂያውን አነሳሁ። ልብስ ታጥቦ አይጨመቅም እንዴ፣ ሰምም ተቀብቶ ይፋቃል ብዬ። እጄን ያዙኝ። አይፋቅም፣ እንዳለ ይከርማል፣ የሚፋቀው ህዳር ላይ ነው። ያ ሁሉ የተዝረከረከ ሰም፣ የጧፍ እንባ የመሰለው፣ ስድስት ሰባት ወር ስኪው ላይ ይተኛል።

አስተሳሰሩም ሌላ ትምህርት ነው፣ ጫፍና ጫፉን ብቻ ላላ አርጎ፣ መሃሉን ጭራሽ አለመንካት። ሲሚንቶ ላይ አይቆምም፣ እንጨት ይነጠፍለታል ወይ ይሰቀላል። ጣራ ስር ሙቀት ነው፣ ቦይለር አጠገብ ሙቀት ነው፣ ባልኮኒ... ባልኮኒን ሲጠሩ አዩኝ። ቡቱ የውስጥ ሶሉ ወጥቶ ይደርቅና ቅርፁን እንዳይለቅ መቆለፊያው ላላ ብሎ ይዘጋል። የስላሎሙን ማሰሪያ ስፕሪንግ፣ ስትወድቁ ቡቱን የሚለቀውን፣ አንዳንድ ሰው ለበጋ ያላላዋል፣ አንዳንዱ አያስፈልግም ይላል፣ እሳቸው አይነኩትም፣ የሚነካው ሰው ግን ቁጥሩን ፕላስተር ላይ ፅፎ እዛው ይለጥፈው አሉ፣ ረስቶት የወጣ ሰው ጉልበቱን ነው የሚከፍለው። አንድ አሮጌ የሰም ቆርቆሮ ደግሞ ለብቻ አስቀምጠዋል፣ ፍሎር የሚባል ኬሚካል ያለበት ነው፣ አፈርና ውሃ ውስጥ ስለማይበሰብስ አለም አቀፉ የስኪ ፌዴሬሽን በፈረንጅ ከ2023/24 የውድድር ዘመን ጀምሮ ከልክሎታል፣ እሳቸው ውድድር የላቸውም ግን አደገኛ ቆሻሻ ከሚጣልበት ሊወስዱት ነው።

እየተኮስን "ኢትዮጵያ ውስጥ ስኪ አለ?" አሉኝ። ኮራ ብዬ ሮቤል ተክለማርያምን ነገርኳቸው፣ አዲስ አበባ ተወልዶ አሜሪካ ስኪ የተማረ፣ በፈረንጅ 2006 ቶሪኖ ላይ ለኢትዮጵያ የመጀመሪያው የክረምት ኦሎምፒክ ተወዳዳሪ የሆነ፣ 2010 ቫንኩቨርም የተመለሰ፣ እኛን በሩጫ ብቻ የሚያውቀን አለም ባንዲራችንን በረዶ ላይ ያየው በሱ ነው። በጥሞና ሰሙኝ። ሰሙኝና "በበጋ ስኪውን የት ነበር የሚያስቀምጠው?" አሉኝ።

በመሃል እናቴ በቪዲዮ ደወለች። ስልኩን ወደ ስኪው አዞርኩት። "ምንድነው እሱ?" "ስኪ ነው እማዬ፣ በረዶ ላይ የሚኬድበት።" "በረዶ አለ እንዴ አሁን?" "የለም፣ ለሚመጣው ነው፣ ሰም እየቀባነው ነው።" ትንሽ ዝም ብላ አየች። ካውያውን አየች፣ ጠብ ጠብ የሚለውን አየች፣ የሴትየዋን እጅ አየች። "እእ" አለች፣ "እያሟሻችሁት ነዋ!"

እኔ አስር አመት ያልገባኝን እሷ በአንድ ደቂቃ። አዲስ ምጣድ እኮ እንዲሁ አይጋገርበትም፣ ይጋላል፣ የተወቀጠ ጎመን ዘር ይነሰነስበታል፣ በጨርቅ ይታሻል ይታሻል፣ ቅባቱ በሙቀት ውስጡ ይሰርጋል፣ ጥቁርና ልስልስ ይሆናል፣ ሳይሟሽ የተጋገረበት እንጀራ ተጣብቆ ተቦጫጭቆ ነው የሚነሳው። ልጄ ቁልቁለቱ ላይ የቆመው ባልተሟሸ ምጣድ ላይ ነው። ለሴትየዋ ለማስረዳት ሞከርኩ፣ ለምጣድ የኖርዌጂያን ቃል አጥቼ ትልቅ የሸክላ ፓንኬክ መጥበሻ አልኩ፣ ይቅር ይበለኝ።

ከዛ ወዲህ ሳስበው፣ እኛ እቃ መያዝ አናውቅም የሚለው የዲያስፖራ ወሬ ልክ አይደለም። አያቴ እርሻ ሲያበቃ ሞፈርና ቀንበሩን ፀሃይ እንዳይሰነጥቀው ቤት ያስገባ ነበር፣ ጠፍሩን ውሻ እንዳይበላው ከፍ አድርጎ ይሰቅላል፣ ማረሻው ደንዝዞ ከሆነ ወደ ቀጥቃጭ ይሄዳል። ማንም አላስተማረው፣ ሲዘራ ማረስ አለበት፣ በቃ። ችግሩ የመጣው ከተማ ስንገባ መሰለኝ። ከተማ ውስጥ መያዝ ማለት አለመጠቀም ሆነ። እናቴ ቡፌ ውስጥ የሰርጓ ጊዜ ብርጭቆዎች አሉ፣ እኔ አርባ አመት ሊሞላኝ ነው አንድም ቀን አልጠጣሁባቸውም፣ ሪሞቱ ላስቲክ ለብሷል። በሌላ በኩል ደግሞ የማንም ያልሆነ እቃ ሲሆን፣ መስሪያ ቤት ግቢ ጥግ ጎማው ተንፍሶ በኮፈኑ በኩል ሳር የበቀለበትን ላንድክሩዘር ያላየ አለ? አንዱን እንዳይነካ ቆልፈን፣ አንዱን ዝናብ ላይ ጥለን። ሴትየዋ ስኪያቸውን ክፉኛ ነው የሚጠቀሙበት፣ ድንጋይ የፋቀው ጠባሳ ሞልቶታል፣ ሰሙ የሚቀባው ለዛ ነው።

ኖርዌጂያኖቹንም ብዙ እንዳላቆለጳጵስ፣ ዱግናድ ቀን የሚመጣው የቆሻሻ ኮንቴይነር ውስጥ ደህና ደህና ስኪ ተጥሎ ታያላችሁ፣ አዲስ ሞዴል ወጥቶ ነው። ምድር ቤት ሁሉም ሰው ቡድ የሚባል በቁልፍ የሚዘጋ ጎጆ አለው፣ በጣውላው ክፍተት ስታዩ የነሱ ውስጥ ስኪ፣ ሳይክል፣ የክረምት ጎማ ነው። የኛ ቡድ ሻንጣ ነው። ሻንጣ በሻንጣ ላይ፣ ሃያ ሶስት ሃያ ሶስት ኪሎ የሚይዙ፣ ከጎኑ የክርስትና ትልቅ ድስት፣ የማህበር ፕላስቲክ ወንበር። ለስኪ ቦታ ለማግኘት ሶስት ሻንጣ ማውጣት ነበረብኝ፣ ባለቤቴ "የትኛውን አገር ለመሄድ ነው ስኪ የምታስቀምጠው" አለችኝ፣ መልስ አልነበረኝም።

ህዳር ላይ ሰሙን የፋቀው ልጄ ነው። በላስቲክ መፋቂያ ሲገፋው ነጭ ቅርፊት እየተጠቀለለ ይወድቃል፣ ከዛ በብሩሽ፣ ስሩ ጥቁርና አንፀባራቂ ሆኖ ወጣ። ቁልቁለቱ ላይ ሽው ሲል ፍጥነቱ አስፈርቶት ጮኸ፣ እኔም ጮህኩ።

ባለፈው ቅዳሜ ሴትየዋን ቡና ጠራናቸው። ባለቤቴ ከአዲስ አበባ ያስመጣነውን የሸክላ ኤሌክትሪክ ምጣድ ጥዳ ነበር፣ ጎመን ዘሩን በትና በማሰሻው ስታሽ ሴትየዋ ወንበራቸውን አስጠጉ፣ አሸተቱ፣ ጣታቸውን ወደ ምጣዱ ቀስረው "ግሊደር!" አሉ። ተሳቅን፣ እንጀራው ወጣ፣ በሉ፣ አደነቁ። ሲሄዱ በር ላይ ቆም አሉና ምጣዱን ሳትጋግሩበት የት ነው የምታስቀምጡት አሉ።

ባለቤቴ አየችኝ። ባልኮኒ ላይ አልኳቸው።

መነፅራቸውን አወረዱ።