ለደጋ የተገዛ ጃኬት ቆላ አይሸጥም

እህቴ፣ በፋሽን ድርጅት ተለማማጅ ሆነሽ ስለ ሱቅ ማስፋፋት የተማርሽውን በደስታ አነበብኩት። ግን አዲስ ሱቅ የት ይከፈት ለሚለው ኪራይና የእግረኛ ብዛት ላይ ብቻ ቆምሽ። የደብረ ብርሃን ልብስ ነጋዴ ነኝና ጥቂት ልጨምር። ከዚህ ሸዋ ሮቢት የሚወስደው ያው የደሴ መንገድ ነው፤ ጣርማ በርን አልፎ ቁልቁል የወረደ ሰው ግን ሌላ አገር ይገባል። እዚህ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የኅዳር ውርጭ ወፍራም ጃኬት ያስገዛል፤ እዚያ ቆላው ላይ ያው ጃኬት መስቀያው ላይ ይከርማል። ስለዚህ ሁለተኛ ሱቅ የራሱ የዕቃ ዝርዝር ያስፈልገዋል። የትኛው የልብስ ቁጥር ቀድሞ አለቀ? ከገና የተረፈው ወደ የትኛው ሱቅ ይዛወር? ተለማማጅ ሙያውን የሚያገኘው ከዚህ መዝገብ ነው፤ ቡና ከማመላለስ ከተረፈ! የስፔኑ የልብስ ድርጅት ዛራ እንኳ የመጀመሪያ ሱቁን እ.ኤ.አ. በ1975 ከፍቶ ከስፔን የወጣው በ1988 ነው፤ ያውም ወደ ጎረቤት ፖርቱጋል። የእኛ ሰው አንድ የፋሲካ ገበያ ከቀናው በማግስቱ ሌላ ሱቅ ይከራያል። በሚቀጥለው ጽሑፍሽ ድርጅቱ ያልተሸጠውን ልብስ ምን እንደሚያደርገው ብትነግሪን መልካም ነበር።