አርታኢ ሆይ፣ ፍረድ

ጅማ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ኢሜይሉን እያነበበ ፊቱ የሚጠቁር መምህር ካያችሁ፣ ጥናቱን እንዲያትምለት ከላከለት ጆርናል (የምርምር መጽሔት) መልስ መጥቶለታል ብትሉ ብዙ አትሳሳቱም። «ከባድ ማሻሻያ ያስፈልገዋል» ይላል ደብዳቤው። ብዙዎች ይህን እንደ ውድቀት ይቆጥሩታል። ጆርናሎች ግን የማይፈልጉትን ጽሑፍ ብዙ ጊዜ ለገምጋሚ፣ ማለትም ጽሑፉን መርምሮ አስተያየት ለሚሰጥ የመስኩ ባለሙያ፣ እንኳ ሳያሳዩ ይመልሱታል። አሻሽሉ ከተባለ፣ ሊያነቡት የፈለጉ ሰዎች ተገኝተዋል ማለት ነው።

የእኔ ቅሬታ ሌላ ነው። አርታኢው የሁለት ወይም የሦስት ገምጋሚዎችን አስተያየት ከደብዳቤው ግርጌ ይለጥፍና «ሁሉንም መልሱ» ብሎ ይልካል። አንደኛው ገምጋሚ መግቢያው ረዝሟል ይቀነስ ይላል፤ ሁለተኛው መግቢያው ሳስቷል ይስፋ ይላል። አንዱ የቃለ መጠይቁ ክፍል የጥናቱ ጥንካሬ ነው ሲል፣ ሌላው ይውጣ ይላል። አርታኢው ሁለቱንም አንብቦ ከሆነ እንዴት ዝም አለ? ካላነበበስ በማን ስም ነው ደብዳቤው የተፈረመው?

ገምጋሚ አማካሪ ነው፤ የሚወስነው አርታኢ ነው። ታሪኩም ይህንኑ ይናገራል። ሄንሪ ኦልደንበርግ እ.ኤ.አ. በ1665 ለንደን ላይ «ፊሎሶፊካል ትራንዛክሽንስ» የተባለውን ጆርናል ሲጀምር የሚታተመውን በዋናነት የሚመርጠው ራሱ ነበር። ዛሬ የምናውቀው የውጭ ግምገማ በብዙ ጆርናሎች ዘንድ መደበኛ አሠራር የሆነው በ20ኛው ክፍለ ዘመን ነው፤ ዝነኛው «ኔቸር» እንኳ ግዴታ ያደረገው እ.ኤ.አ. በ1973 ነው። ገምጋሚው የመጣው አርታኢውን ሊያግዝ እንጂ ወንበሩን ሊወስድ አልነበረም።

አርታኢው ዝም ሲል ጉዳቱ የሚያርፈው በጸሐፊው ላይ ነው። በጎማ እና በማና ወረዳዎች የቡና ገበሬዎችን ያጠና ተመራማሪ እናስብ። ገምጋሚው «የአንድ ምርት ዘመን መረጃ አይበቃም፤ ሌላ ጨምሩ» ይለዋል። ደብዳቤው የደረሰው በየካቲት ነው፤ የተሰጠው ጊዜ ሁለት ወር። በእኛ አካባቢ ቀይ ቡና የሚለቀመው በአብዛኛው ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ነው። ገምጋሚው ይህን ላያውቅ ይችላል፣ አይፈረድበትም። ጸሐፊው ግን «እሺ ይበልጣል ከሺህ» በሚል ብሂል አድጎ፣ እንቢ ካልሁ ጽሑፌ ይወድቃል ብሎ ይፈራል። እናም ያልሰበሰበውን መረጃ ያለው ለማስመሰል ዐረፍተ ነገር ሲያሽሞነሙን ያመሻል።

ትክክለኛው መልስ አጭር ነው። በሦስት ዓምድ ሠንጠረዥ ይሠራል፦ በመጀመሪያው የገምጋሚው አስተያየት እንዳለ፣ በሁለተኛው መልሱ፣ በሦስተኛው ለውጡ የሚገኝበት ገጽና መስመር። እዚያ ላይ «አስተያየቱ ተገቢ ነው። ሆኖም የለቀማው ወቅት ስላለፈ ተጨማሪ መረጃ መሰብሰብ አልቻልንም። ይህንን በጥናቱ ውስንነቶች ሥር ገልጸናል፤ ድምዳሜያችንንም በዚያው ልክ አጥብበናል» ብሎ መጻፍ ይቻላል። ምክንያት ያለው እንቢታ በግምገማ ሥርዓት ውስጥ የታወቀ መልስ ነው።

የራሱን አምስት ጽሑፎች ጥቀሱልኝ የሚል ገምጋሚም አለ። ኮፕ የተባለው ዓለም አቀፍ የኅትመት ሥነ ምግባር ኮሚቴ መመሪያ፣ ገምጋሚዎች የጥቅስ ቁጥራቸውን ለማብዛት ብቻ ሥራቸውን እንዳያስጠቅሱ በግልጽ ይመክራል። ይህን ገምጋሚ ማስቆም ያለበት ማን ነው? የደረጃ እድገቱን የሚጠብቀው ረዳት ፕሮፌሰር እንዳይሆን!

አርታኢዎችም ሰዎች ናቸው፣ አውቃለሁ። በአገራችን ጆርናሎች አብዛኞቹ ክፍል ገብተው የሚያስተምሩ፣ ተማሪ የሚያማክሩ፣ ይህን ሥራ በትርፍ ሰዓታቸው የሚሠሩ ናቸው። ገምጋሚም ያለ ክፍያ ነው የሚሠራው፤ ስለዚህ እሺ የሚል ሰው ማግኘት ራሱ ፈተና ነው። ነገር ግን የምጠይቀው ግማሽ ገጽ ነው፦ የግድ የሚስተካከለው ይህ፣ ብታደርጉት መልካም የሆነው ያ፣ ልታልፉት የምትችሉት ደግሞ ይህኛው። «ኢላይፍ» የተባለው ጆርናል እ.ኤ.አ. በ2012 ሲጀመር ገምጋሚዎቹ እርስ በርስ ተወያይተው ጸሐፊው አንድ የተዋሃደ አስተያየት እንዲደርሰው ያደርግ ነበር። ይህ ብዙ ገንዘብ የሚፈልግ አሠራር አይመስለኝም።

ጉዳዩ የምቾት ብቻ አይደለም። በእርስ በርሱ በሚጋጭ አስተያየት የተሰላቸ ሰው፣ በሳምንት ውስጥ «ተቀብለናል፣ ክፍያ ፈጽሙ» የሚል ጆርናል ሲያገኝ ይሸነፋል። እኔን የሚያስፈራኝ ምንም ማሻሻያ የማይጠይቀው ጆርናል ነው። ትልልቆቹም ቢሆኑ ግምገማው ሲላላ ምን እንደሚደርስባቸው ታይቷል፤ ዋይሊ የተባለው አሳታሚ «ሂንዳዊ» ይባሉ በነበሩት ጆርናሎቹ የግምገማው ሂደት መጭበርበሩ ስለተደረሰበት እ.ኤ.አ. በ2023 ብቻ ከ8,000 በላይ ጽሑፎችን ሰርዟል።

አርታኢዎቻችን እስኪፈርዱ ድረስ ጸሐፊዎች ዝም ብለው መቀመጥ የለባቸውም። ሁለት ገምጋሚዎች ሲጋጩ ለአርታኢው በሁለት መስመር መጻፍ ይቻላል፦ «ገምጋሚ አንድ መግቢያው ይቀነስ፣ ገምጋሚ ሁለት ይስፋ ብለዋል፤ የትኛውን እንድንከተል ይመክሩናል?» መልሱ እስኪመጣ ሌሎቹን አስተያየቶች መሥራት ነው። በዚያው ደብዳቤ የቀነ ገደብ ማራዘሚያ መጠየቅም አያሳፍርም፤ ምክንያቱ ከተገለጸ ብዙ ጆርናሎች ይፈቅዳሉ።