ቃሉ ይግባ፣ ፊደሉ ግን አይውጣ

ኮምፒውተር አማርኛን አበላሸው የሚለው ወቀሳ ደሴ ላይ ከመምህራን አፍ አይጠፋም። «ዳውንሎድ አድርጊው»፣ «ብሎክ አደረገኝ»፣ «ቻርጅ ጨረስኩ» ሲባል ይከፋቸዋል። እኔ በዚህ አልስማማም።

እንግሊዝኛም ራሱ ከኮምፒውተሩ ጋር ተለውጧል። አይጥ፣ መስኮት፣ ደመና የሚባሉትን የቆዩ ቃላቱን ለአዲስ ሥራ አሰማርቷቸዋል። ጎግል የኩባንያ ስም ነበር፤ ሰዉ ግስ አድርጎ ሲናገርበት ቆይቶ የኦክስፎርድ መዝገበ ቃላት በ2006 እ.ኤ.አ. ተቀበለው። የእኛም ሰው ያደረገው ይህንኑ ነው። የሞባይል ጥገና ቤት በር ላይ «ሶፍትዌር እንጭናለን» ተብሎ ሲለጠፍ፣ ከአህያና ከበቅሎ ጋር የምናውቀው ግስ ሌላ ሥራ አገኘ። የባዕዱን ስም ከ«አደረገ» ጋር እያጣመረ እንደ ልቡ የሚያረባ ቋንቋ በሕይወት ያለ ቋንቋ ነው።

እኔን የሚያሳስበኝ ፊደሉ ነው። ወጣቶቻችን ቴሌግራም ላይ አማርኛውን በላቲን ይጽፉታል። ልማዱ ከስንፍና አልመጣም፤ የድሮዎቹ ቀፎዎች ብዙዎቹ ፊደላችንን ስለማያውቁት ባዶ ሣጥን ደርድረው ያሳዩ ነበር። ፊደሉ ዩኒኮድ በሚባለው፣ ኮምፒውተሮች የዓለምን ፊደላት በሚለዩበት የጋራ ሥርዓት ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ቢሆንም ስልኮቹ ላይ እስኪደርስ ዓመታት ፈጅቷል። ዛሬ ግን የአማርኛ ኪቦርድ በነፃ ይገኛል፤ ምክንያቱ አለቀ፣ ልማዱ ቀረ።

በሌላ ፊደል አማርኛ መጻፍ ለወሎ አዲስ ነው ወይ የሚለኝ አይጠፋም። አዲስ አይደለም። እንደ ሼህ ጦልሃ ጀዕፈር ያሉ ዑለማ አማርኛውን በዐረብኛ ፊደል፣ በአጀሚ ጽፈዋል። ያ ግን ለደረሳ፣ ለእስልምና ትምህርት ተማሪ፣ የሚነበብ፣ ከትውልድ ትውልድ የሚተላለፍ ጽሑፍ ነው፤ ዐረብኛ ለሌሉት ድምፆችም ምልክት ተበጅቶለታል። የስልኩ ላቲን እንዲህ ያለ ሥርዓት የለውም። አንዷ ተማሪ «ፋይሉን ቀዳው» ብላ በላቲን ብትልክ ጓደኛዋ «ከዳው» ብላ ልታነበው ትችላለች፤ «ጠራ»ና «ተራ»ም አንድ ሆነው ይቀራሉ። የሚጠብቀውንና የሚላላውንማ ፊደላችንም ስለማይለየው፣ በዚህ ላይ ሌላ ብዥታ መጨመር ለምን አስፈለገ?

በደሴ፣ በኮምቦልቻና በወልድያ ያላችሁ መምህራን፣ «ዳውንሎድ» ያለውን ልጅ ከማረም በፊት የክፍላችሁን የቴሌግራም ማስታወቂያ በፊደል ጻፉ፤ ተማሪውም በፊደል ይመልስላችሁ። ኪቦርዱን መጫን ያቃተው ካለ፣ አጠገቡ የተቀመጠው ልጅ በደቂቃ ያሳየዋል።